ትእዛዙ በቀኑ ያልደረሰለትን ደንበኛ ይቅርታ መጠየቅ፦ የደሴና የኮምቦልቻ የኦንላይን ሻጮች

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለእንቁጣጣሽ የታዘዘ ልብስና ጫማ በዓሉ አልፎም ያላደረሱ ሱቆች ስለበዙ በየቴሌግራም ቻናሉ የይቅርታ ጽሑፍ እየተለጠፈ ነው። አብዛኛው ይህን ይመስላል፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት በተፈጠረው መዘግየት ለደረሰባችሁ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። በትዕግሥት ስለምትጠብቁን እናመሰግናለን።»

ይህ ጽሑፍ የባሰ ያስቆጣል እንጂ ማንንም አያረጋጋም። ለልጇ ቀሚስ ያዘዘች እናት ማወቅ የምትፈልገው ዕቃዋ የት እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ፣ ካልደረሰ ገንዘቧ እንዴት እንደሚመለስና አሁን ከእሷ የሚጠበቅ ነገር መኖር አለመኖሩን ነው። አንዱም አልተነገራትም። «ከአቅም በላይ» የሚባለው ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ ነው። አንዱን ቀሚስ በቴሌግራም፣ በቲክቶክ ላይቭና በሱቁ መደርደሪያ ለሦስት ሰው መሸጥ ከአቅም በላይ አይደለም፤ ደንበኛውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

እኔ የማምነው ይቅርታው መጨረሻ ላይ መጻፍ እንዳለበት ነው። መጀመሪያ አዲስ ትእዛዝ መቀበል ይቁም፤ «እስከ ሐሙስ አዲስ ትእዛዝ አንቀበልም» የሚል አንድ መስመር ቻናሉ አናት ላይ ፒን ይደረግ። የድሮው ዕቃ ሳይደርስ የአዲስ ጫማ ማስታወቂያ ከተለጠፈ ይቅርታውን የሚያምን አይኖርም።

ከዚያ ያልደረሰው ሁሉ በአንድ ኤክሴል ገጽ ይውጣ። ዓምዶቹ የትእዛዝ ቁጥር፣ የከፋዩ ስልክ፣ የተቀባዩ ስልክ፣ ዕቃው ከነሳይዙና ከነቀለሙ፣ የተከፈለው ብር፣ የተከፈለበት መንገድ፣ የግብይት ቁጥር፣ ዕቃው አሁን ያለበት፣ መጀመሪያ ቃል የተገባበት ቀን፣ አዲሱ ቀን፣ ማን ደወለ፣ ደንበኛው ምን አለ የሚሉት ናቸው። ገጹ ሲሞላ ትእዛዞቹ ራሳቸው ይለያያሉ፤ መንገድ ላይ ያለ፣ ሱቅ ውስጥ ኖሮ ያልታሸገ፣ ተሽጦ ያለቀ፣ ደርሶ ግን የተሳሳተ ወይም የተበላሸ፣ ሲደርስ የሚከፈልበት። ዕቃው ላለቀበት ሰው «በቅርቡ ይደርስዎታል» ብሎ መላክ ውሸት ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት የሚልክ ሱቅ ሳያስበው እዚህ ውሸት ውስጥ ይገባል።

የእናንተን ሐሳብ እጠብቃለሁ፤ በተለይ የገንዘቡንና የማድረሱን የምታውቁ።

---

ሒሳብ_ሠሪዋ

ጥሩ ነው የጀመርከው ወንድሜ። ስለ ገንዘቡ እኔ ልጨምር።

ዕቃው ላለቀበት ደንበኛ ብሩ ይቅርታው ከመለጠፉ በፊት ይመለስ። «ገንዘባችሁን እንመልሳለን» ከማለት «ትናንት ተመልሷል» ማለት እጅግ ይሻላል። የሚመለሰውም ሙሉው ነው፤ የዕቃው ዋጋ፣ ማድረሻ ተከፍሎ ከሆነ ማድረሻው። የማስተላለፊያውን ክፍያ ሱቁ ይቻል። 1,850 ብር የከፈለ ሰው 1,838 ብር ከደረሰው 12 ብሯን ዕድሜ ልኩን ያስታውሳታል።

ለማን ነው የሚመለሰው? ገንዘቡ ለመጣበት ቁጥር ወይም ሒሳብ ብቻ። «በዚህ በሌላ ቁጥር ላኩልኝ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ቢመጣ፣ በከፈለው ስልክ ደውላችሁ በድምፅ ሳታረጋግጡ አትላኩ። የደንበኛው ስክሪንሾትም ማስረጃ አይሆንም፤ በቀላሉ ይሠራል። የራሳችሁን የቴሌብር ታሪክ ክፈቱ፣ የግብይት ቁጥሩን ፈልጉ፣ ከብሩ መጠንና ከቀኑ ጋር አመሳክሩ። በንግድ ባንክ የገባ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን ቁጥር ከባንክ መግለጫችሁ ላይ ፈልጉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የቀን የማስተላለፊያ ገደብን ነው። ሁሉንም ዛሬ እንመልሳለን ብላችሁ ለጥፋችሁ መሐል ላይ ገደቡ ቢያቆማችሁ ሁለተኛ ቃል ታጥፋላችሁ። አስቀድማችሁ ጠቅላላውን ደምሩ፣ ለገደቡ አካፍሉ፣ ከአንድ ቀን በላይ ከወሰደ መጀመሪያ ለቀደመ ከፋይ ላኩ።

ደረሰኝ በካሽ ሪጅስተር የተቆረጠበት ሽያጭ ከሆነ ደግሞ ዋናውን ደረሰኝ ይዛችሁ የተመላሹን መዝግቡ፤ አለዚያ ያልሸጣችሁትን ሽያጭ ግብር ትከፍሉበታላችሁ።

ቻናላቸው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው ለጻፉም አንድ ቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ጨርሶ ያልደረሰ ዕቃማ «የተሸጠ» አይባልም። ይቅርታ ከመለጠፋችሁ በፊት ያንን መስመር አንሱት።

---

ሰኞ_ገበያ_07

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ለምን ቻናል ላይ ይለጠፋል? 6,000 ተከታይ ያለው ሱቅ 160 ሰው ብቻ ቢዘገይበት፣ ችግሩን ያላወቁት 5,840 ሰዎች ለምን ይስሙ? ለተጎዱት ለየብቻ ቢነገር ይበቃል። ቁጥሩን መጻፍ ደግሞ ተወዳዳሪን መመገብ ነው።

---

ጦሳ_ግርጌ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። መለኪያው የተከታዩ ብዛት ሳይሆን የትእዛዙ ብዛት ይመስለኛል። ለበዓሉ 400 ትእዛዝ ተቀብሎ 5 ያዘገየ ሱቅ ለአምስቱ ደውሎ ይጨርሰው፤ መለጠፍ አያስፈልገውም። ከ400 ውስጥ 160 ከሆነ ግን ነገሩ ደሴ ውስጥ ተደብቆ አይቀርም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ፒያሳ የተወራው ማታውን ሆጤና ሮቢት ሰፈር ይደርሳል። ሱቁ ራሱ ካልተናገረ ሌላው እያጋነነ ይናገርለታል።

ቁጥሩ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። «ጥቂት ደንበኞች» ከተባለ ከ160ዎቹ አንዷ «እኔ ጥቂት ነኝ?» ትላለች፤ ያልተነካው ደግሞ ሁሉም የተበላ ይመስለዋል። ኮሜንትም አይዘጋ። ኮሜንት የተዘጋበት ይቅርታ በማግስቱ ቲክቶክ ላይ በስክሪንሾት ይወጣል።

---

አወያይ

ውይይቱ ጠቃሚ ስለሆነ ላይ አድርገነዋል። የደንበኛ ስልክ ወይም ደረሰኝ የሚታይበት ምስል እዚህ አትለጥፉ። በየቻናላችሁም ደንበኞች ስልካቸውንና ደረሰኛቸውን ኮሜንት ላይ እንዲጽፉ አትጠይቁ።

---

ቧንቧ_ውሃ_ዳር

አወያይ ያሉት በጣም ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱን ልግለጽ።

ሱቅ ይቅርታ በለጠፈ ሰዓት አጭበርባሪ ይሰበሰባል። የሱቁን ሎጎና ስም ገልብጦ፣ በአድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ቀይሮ አካውንት ይከፍታል። ኮሜንት ላይ የተማረሩትን እየመረጠ «ገንዘብዎን ልንመልስ ነው፤ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል። ያ ቁጥር የቴሌብር ወይም የባንክ መግቢያ ነው። ደንበኛዋ ገንዘቧን እየጠበቀች ስለሆነ ታምናለች። ቀሚሱን ያጣች ሰው ያላትንም ታጣለች፤ ሁለቱንም በሱቁ ላይ ነው የምታስበው።

ስለዚህ ይቅርታው ውስጥ እነዚህ ሦስት ነገሮች የግድ ይግቡ፦ ገንዘቡ ደንበኛው ምንም ሳያደርግ እንደሚመለስ፤ ሱቁ የምስጢር ቁጥርም (ፒን) ሆነ በአጭር መልእክት የሚመጣ ቁጥር ፈጽሞ እንደማይጠይቅ፤ የሚደወልባቸው ስልኮች የትኞቹ እንደሆኑ። ጽሑፉ ከተለጠፈ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት አንድ ሰው ኮሜንቱን ብቻ ይጠብቅ፣ የሐሰት አካውንት ሲያይ ይሰርዝ፣ ለቴሌግራምም ያመልክት።

---

የቦርከና_ልጅ (ኮምቦልቻ)

የማድረሱን ቀን እንዴት እንደሚሰላ ልጻፍ፤ ብዙው ቃል የሚታጠፈው ቀኑ ከሐሳብ ስለሚወጣ ነው። ከላይ የተነሳውን 160 እንደ ምሳሌ እንውሰድ። 31ዱ ዕቃው አልቆባቸው ገንዘብ የተመለሰላቸው ይሁኑ፤ 129 ይቀራል። ከእነሱ 33ቱ ኮምቦልቻ፣ 96ቱ ደሴ ናቸው እንበል።

ማሸግ፦ ዕቃውን ማውጣት፣ ሳይዙን ማረጋገጥ፣ ማሸግና ስም መለጠፍ በአማካይ 12 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ሰው በሰዓት 5፣ በ6 ሰዓት 30 ያሽጋል። ሁለት ሰው 60። 129ኙ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያልቃል።

ማድረስ፦ ደሴ ዳገት ናት፤ ቤት ፍለጋውም አለ። አንድ ሞተረኛ በቀን 18 ካደረሰ ጎበዝ ነው። ሁለት ሞተር 36። 96 ለ36 ሲካፈል ሦስት ቀን። አንድ መጠባበቂያ ቀን ጨምሩ። ቅዳሜ መስከረም 10 ማሸግ ከተጀመረና ሰኞ ማድረስ ከተጀመረ እሮብ ያልቃል፤ ቃል የሚገባው ግን ሐሙስ መስከረም 15 ነው። ዓርብ ደመራ፣ ቅዳሜ መስቀል ስለሆነ ከሐሙስ ማለፍ የለበትም። ሞተረኛ ቢታመም ወይም ነዳጅ ሰልፍ ቢያቆመው መጠባበቂያው ያድናል፤ እሮብ ላይ ከደረሰ ደግሞ ደንበኛው ደስ ይለዋል።

የኮምቦልቻ 33ቱን በሞተር ከደሴ አታመላልሱ። በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወርዶ መውጣት ራሱ የሞተረኛውን ግማሽ ቀን ይበላል። በመጀመሪያው ቀን አሽጋችሁ በአንድ ሚኒባስ ላኩ፤ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ባጃጅ ያከፋፍል። ከተማው ሜዳ ስለሆነ በአንድ ቀን ተኩል ያልቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመነሻው መለየት ነው። ከመርካቶ የሚጫን ዕቃ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ መጀመሪያ የሚገባው ኮምቦልቻ ነው። የኮምቦልቻው ለብቻው በጆንያ ታስሮ ቢመጣ እዚያው ይወርዳል። ደሴ ድረስ ወጥቶ መልሶ የሚወርድ ዕቃ ሁለት ቀን በከንቱ ያባክናል።

መኪናው ላይ ሲጫን የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሾፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክና የካርቶኑን ብዛት በወረቀት ያዙ፤ ወረቀቱን ፎቶ አንሱት። ይህ ከሌለ «መንገድ ላይ ነው» የሚለው መልስ ግምት ነው። ይቅርታው ውስጥ ሾፌሩን አትክሰሱ፤ ደንበኛው ያዘዘው ከእናንተ ነው፣ ሾፌሩን አያውቀውም።

---

የስልክ_ድምፅ

አብሽሩ ልጆች፣ በጣም ጥሩ ነው የምትሉት። የእኔ ሥራ ስልኩ ስለሆነ በእሱ ልናገር።

ወሎ ውስጥ ብዙው ትእዛዝ ሁለት ባለቤት አለው። ከፋዩዋ ጂዳ ወይም ዱባይ ያለች ልጅ ናት፤ ተቀባይዋ ሰኞ ገበያ ወይም ሐይቅ ያሉ እናት። ለዚህ ነው ሁለቱ ስልኮች ለየብቻ ይጻፉ የተባለው። ይቅርታው መጀመሪያ ለከፋይዋ ነው፤ ስጦታውን ለእናቷ ያልነገረች ልትሆን ትችላለች። እናትየው ዘንድ ደውላችሁ «ቀሚስዎ ዘግይቷል» ብትሉ ስጦታዋን አበላሻችሁባት። ከፋይዋን በከፈለችበት ወይም ባዘዘችበት መንገድ፣ ኢሞም ይሁን ዋትስአፕ፣ አግኟት። ሥራ ላይ ስለምትሆን በድምፅ መልእክት ጀምሩ። እናቷ ጋ ይደወል እንደሆን እሷው ትወስን።

ስትደውሉ «እርስዎ» በሉ፣ ስም ጥሩ፣ የሱቁን ስምና የትእዛዙን ዕቃ ወዲያው ተናገሩ። ለምሳሌ፦ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ። ከልብስ ሱቁ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ስላዘዙት ነጭ ቀሚስ ነው የደወልሁ። በቀኑ አላደረስንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ቀሚሱ ታሽጓል፣ ነገ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ይደርስዎታል። በዓሉ ስላለፈ ካልፈለጉት ብርዎ ዛሬ ይመለሳል። የትኛው ይሻልዎታል?» ከዚያ ዝም በሉ። ትቆጣለች፤ ትቆጣ፣ አታቋርጧት። «እኛም ተቸግረን ነው» ማለት አያስፈልግም። መልሷን ኤክሴሉ ላይ በቃሏ ጻፉት፤ ሌላ ሰው ደግሞ ደውሎ ያንኑ እንዳይጠይቃት።

«ነገ» ብቻ አትበሉ፤ ቀኑን ጨምሩ። ውጭ ላለች ልጅ ደግሞ የእኛንም የፈረንጁንም ቀን ንገሯት፤ ሰዓቱንም «በእኛ 8 ሰዓት» ብላችሁ።

ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አትደውሉ፣ ጁምዓ ነው። እሑድ ጠዋትም ቅዳሴ እስኪወጣ ታገሡ።

---

ሒሳብ_ሠሪዋ

እትዬ፣ ይህን በማንሣትዎ አላህ ይስጥልን። «ካልፈለጉት ይመለሳል» የሚለውን ላጠናክረው። ለበዓል የታዘዘ ልብስ በዓሉ ካለፈ ሌላ ዕቃ ነው። ደንበኛዋ ለምና ሳይሆን ሱቁ ራሱ ምርጫውን ያቅርብላት፤ ምክንያትም አትጠየቅ።

የ10 በመቶ ቅናሽ ኩፖን ግን በይቅርታው ውስጥ አታስገቡ። ኩፖን ማለት ደግመሽ ክፈይ ማለት ነው፤ ገና የመጀመሪያው ያልደረሳት ሰው ትሰደባለች እንጂ አትካስም። መካስ ከፈለጋችሁ ማድረሻውን መልሱ፤ ቅናሹ ዕቃው እጇ ከገባ በኋላ ይምጣ።

---

ቧንቧ_ውሃ_ዳር

ለማይነሣ ስልክ አጭር መልእክት ይላካል። በአማርኛ ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን 160። ከ70 ሲያልፍ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፤ ሁለቱ 134። ዋጋውም በክፍል ነው። በዚህ ልክ የተሠራ፦

«ትእዛዝ 214፦ ልብሱ አልቋል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። 1,850 ብር ዛሬ በቴሌብር ልከናል። ምንም መላክ አይጠበቅብዎትም። ይቅርታ ያድርጉልን።»

ባዶ ቦታውን ጨምሮ 87 ነው፤ ለሱቁ ስምና ለስልክ 47 ይተርፋል። ሊንክ አታስገቡበት፤ አጭበርባሪ የሚልከውን ይመስላል።

በቴሌግራም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ስልካችሁን ላልያዙ 100 ሰዎች በተከታታይ አትላኩ። ጥቂቶቹ ስፓም ብለው ካመለከቱ አካውንቱ ይታገድና አዲስ ሰው መጻፍ አይችልም፤ በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሳምንት።

---

መደርደሪያ

«ከእንግዲህ አይደገምም» ብሎ ለመጻፍ የተቀየረ ነገር መኖር አለበት፤ ካልተቀየረ ቃሉን አትጻፉት። የኦንላይን ሱቅ ላይ የሚደጋገመው ችግር ይህ ነው፦

የቀሪው ዕቃ ቁጥር የሚቀነሰው ዕቃው ሲላክ ከሆነ ሱቁ ሁልጊዜ ካለው በላይ ይሸጣል። ክፍያው በተረጋገጠበት ደቂቃ ይቀነስ። ሱቅም ቴሌግራምም ላይቭም ከአንድ ገጽ ይቀንሱ፤ ገጹን በአንድ ፈረቃ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። በበዓል ሳምንት ከእያንዳንዱ ሳይዝ 2 ፍሬ ከሽያጭ ውጭ ይቀመጥ፤ የተሳሳተ ሲመለስ መለወጫ ይሆናል።

ሳይዝ የሚሳሳተው ያወጣውና ያሸገው አንድ ሰው ሲሆን ነው። ያሸገው ሰው የልብሱን ሌብል ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ከትእዛዙ ጋር ያስተያይ፤ ሳይዙ ከማሸጊያው ውጭም ይጻፍ።

በክረምት ካርቶን ብቻውን አይበቃም። ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ላይ ጉሙና ካፊያው ስለማይለይ ሸራ ያልለበሰ ጭነት ይረጥባል። ልብሱ መጀመሪያ በፌስታል ይታሸግ፣ ከዚያ ካርቶን፣ ከዚያ የካርቶኑ መጋጠሚያ በሙሉ በስኮች።

አድራሻ ሲቀበሉ ሁለት ምልክትና ሁለት ስልክ ይጠየቅ። «ሆጤ፣ ከመስጊዱ በላይ» ብቻ ተብሎ ሞተረኛ 40 ደቂቃ የፈለገበት ቤት የሌሎች ሁለት ሰዎችን ተራ ይወስዳል።

---

ጦሳ_ግርጌ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምሳሌው ቁጥር መሠረት ቅዳሜ መስከረም 10 የሚለጠፈውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ እርሙት፦

«ለእንቁጣጣሽ ካዘዛችሁን መካከል የ160 ሰዎች ዕቃ በቀኑ አልደረሰም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በሱቅና በቴሌግራም ስንሸጥ ቀሪውን ዕቃ አልተቆጣጠርንም፤ ማድረስ ከምንችለውም በላይ ትእዛዝ ተቀበልን። ዕቃው ያለቀባቸው የ31 ሰዎች ገንዘብ ከነማድረሻው ትናንት ተመልሷል። የቀሪዎቹ 129 ዕቃ ለኮምቦልቻ እስከ ማክሰኞ መስከረም 13፣ ለደሴ እስከ ሐሙስ መስከረም 15 ማታ 12 ሰዓት ይደርሳል። በዓሉ ስላለፈ ዕቃውን የማትፈልጉ «መልሱ» ብላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ምክንያት አንጠይቅም። ገንዘብ ለመመለስ ፒን ወይም በመልእክት የመጣ ቁጥር አንጠይቅም፤ የምንደውለው ከታች ካሉት ሁለት ስልኮች ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ ከቀሪው የሚቀነሰው ክፍያው በተረጋገጠበት ደቂቃ ነው። ባለቀሰው ልጅ፣ ባፈረችው እናት ፊት አዝነናል። አፉ በሉን።»

---

የስልክ_ድምፅ

ልጄ፣ «ባለቀሰው ልጅ፣ ባፈረችው እናት» የሚለውን አውጣው። ማን እንዳለቀሰ አታውቅም፤ ያላፈረችውንም ታሳፍራለህ። «በበዓላችሁ ቀን ስላሳዘንናችሁ አፉ በሉን» ይበቃል።

---

ጦሳ_ግርጌ

እሺ እትዬ፣ አስተካክዬዋለሁ።

---

ሰኞ_ገበያ_07

መለጠፉን ተቀብያለሁ፤ ቀኑና ቁጥሩ ካለበት ያስኬዳል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። 38 ቁጥር ጫማ አዛ 40 የደረሳት ደንበኛ፣ ጫማውን መጀመሪያ ትመልስ ወይስ መጀመሪያ ይላክላት?

---

የቦርከና_ልጅ

ሁለቱም በአንድ ጉዞ። ሞተረኛው 38ቱን ይዞ ይሂድ፣ በሯ ላይ ትለካው፣ 40ውን ይዞ ይመለስ። ማድረሻ አትከፍልም። 38 ካለቀ ሞተረኛው የሚሄደው 40ውን ሊወስድ ብቻ ነው፤ ብሩ ግን እሱ ከመነሣቱ በፊት ስልኳ ላይ ይግባ። ወልዲያ ወይም ባቲ ላለች ደንበኛ ሞተር ስለማይሄድ የተሳሳተውን በመኪና ስትልክ ሒሳቡን ተቀባዩ ይክፈል፤ ረዳቱ ከእሷ እንዳይቀበል አስቀድማችሁ ደውሉለት። ባቲ ከሆነ የገበያ ቀኑ ሰኞ ስለሆነ መኪና እንደ ልብ ነው፤ ለእሑድ ማታ አዘጋጁት።